ባለ 7 ዋቷ የኤፍኤም ማሰራጫ ከ9 ወር በኋላ

ጎረቤቴ በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ሬዲዮኔ ላይ የምታወራው አንተ ነህ እንዴ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። አድማጭ ተገኘ ብዬ። ቀጥለው «ዜና መስማት አቃተኝ እኮ» አሉ። እሳቸው የሚሰሙት ጣቢያ 94 አካባቢ ነው። እኔ የማሰራጨው 100.2 ላይ። ታዲያ እዚያ ምን እሠራለሁ?

ዕቃዋን ያዘዝኳት ከኢንተርኔት ነው። ትንሽ የብረት ሣጥን ናት፣ በአንድ ቁልፍ ከ1 ዋት ወደ 7 ዋት ትቀየራለች። የፈለግኩት ኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ቤት ውስጥ ባለው ሬዲዮ ሁሉ መስማት ነበር፣ ማታ ማታ ደግሞ ማይክ ይዤ ትንሽ መቀባጠር። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፣ ስቴሪዮው ይሠራል። ጥሩ ጎኗ ይኸው ነው፣ ሌላ አትጠብቁ።

ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄ ከሸኘሁ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ሞገዱን በስክሪን የምታሳይ መቀበያ ገዛሁ። ማየት የነበረብኝ 100.2 ላይ የቆመ አንድ ምሰሶ ነው። ያየሁት አጥር ነው። 94.2፣ 106.2፣ 112.2፣ በየ6 ሜጋኸርዙ አንድ እኔ! ይቺ መቀበያ ርካሽ ናት፣ ኃይለኛ ሞገድ ከቅርብ ሲመታት የሌለውን ታሳያለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይኼ ደግሞ እውነት ነው፣ ታሳያለች። ለማረጋገጥ ማሰራጫዋን ለ2 ደቂቃ ከፍቼ የኪስ ሬዲዮ ይዤ ከቤት ራቅ አልኩ። አለሁ። 94.2 ላይ፣ ዜና አንባቢው ላይ ተደርቤ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን 112.2 ነው። የኤፍኤም ሰፈር 108 ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ 118 ድረስ ያለው አውሮፕላኖች አቅጣጫ የሚያውቁበት ነው፣ ከእሱ በላይ ደግሞ አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ ይነጋገሩበታል። እኔ እዚያ ዘፈን ስመርጥ ከርሜአለሁ።

ጥፋቱ የማን ነው? ግማሹ አብራት የመጣችው የምትመዘዝ አንቴና ነች። ለሞገዱ ልክ ያልሆነ አንቴና ኃይሉን አይቀበልም፣ ሞገዱን ወደሚያጎላው ወደ መጨረሻው ትራንዚስተር ይመልሰዋል። ትራንዚስተሩ ይግላል፣ ሲብስበት የራሱን ሞገድ መፍጠር ይጀምራል። የመዳብ ሽቦ ወስጄ እያንዳንዳቸው 71 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ክንዶች ቆረጥኩና ዳይፖል የሚሉትን ባለ ሁለት ክንድ አንቴና ሠራሁ። አጥሩ ወደቀ። 200.4 ላይ ያለው ግን ንቅንቅ አላለም፣ የ100.2 እጥፍ ማለት ነው፣ ሃርሞኒክ የሚሉት። ሣጥኑን ስፈታው ለካ ከትራንዚስተሩ እስከ አንቴናው መውጫ ፊልተር የሚባል፣ ያልተፈለገውን ሞገድ የሚያስቀር ነገር የለም። የጥቅልሎቹና የካፓሲተሮቹ ቦታ ቦርዱ ላይ ተስሏል፣ ዕቃው አልተገጠመም። ራሴ ጠቅልዬ ገጠምኩ። ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁትን ዕቃ ሠርቼ ጨረስኩት እንግዲህ።

ሻጩ አሁን አጠገቤ ቢኖር «7 ዋት እኮ ምንም አይደለም፣ ለቤት ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ማስታወቂያውም የሚለው ይኼንኑ ነው። ወንድሜ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለእንዲህ ያለ ማሰራጫ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው 50 ናኖዋት ነው፣ ናኖዋት ማለት የዋት ቢሊዮንኛ። ያንተ ትንሹ 1 ዋት የዚያ 20 ሚሊዮን እጥፍ ነው! 7ቱን ራስህ አባዛው። አሜሪካ ውስጥም ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው ከ60 ሜትር ብዙም አይርቅም። «ግን ርቀት ታገኝበታለህ» ካልከኝ ደግሞ፣ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። አንቴናውን ከፍ አድርጎ መስቀል ከዚያ ይሻላል። ይኼን ለምን አትጽፍም?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ1964 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ከመርከብ ላይ ማሰራጨት የጀመረው የሬዲዮ ካሮላይን ታሪክ ነው ልቤን የሰቀለው። ፈቃድ የሌለው ጣቢያ ጀግንነት መስሎኝ ነበር። እነሱ ከ3 ዓመት በኋላ ሕግ እስኪወጣባቸው ድረስ መንግሥት አስቆጡ፣ እኔ ያስቆጣሁት ዜና የናፈቃቸውን እናት ነው።

አሁን አንቴናውን ነቅዬ በምትኩ 50 ኦም ሬዚስተር ገጥሜያለሁ፣ ኃይሉን ሙቀት አድርጎ የሚበላ ትልቅ ነገር፣ ማሰራጫዋንም 1 ዋት ላይ አድርጌያታለሁ። የሚገርመው፣ ከሽቦውና ከሣጥኑ ሾልኮ የሚወጣው ብቻ ወጥ ቤት ያለው ሬዲዮ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደጃፌን ሲያልፍ ይጠፋል። መጀመሪያም የፈለግኩት ይኼንኑ ነበር እኮ! ለዚህማ ከእሷ በጣም ያነሰች፣ ለመኪና ሬዲዮ የምትሠራው ዓይነት ትበቃኝ ነበር።

ልሸጣት አስቤ ነበር። የሚገዛት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያቺን የምትመዘዝ አንቴና መሰካት እንደሆነ ስለማውቅ ተውኩት።