የሳር ማጨጃ ባለገመድ ወይስ ባለባትሪ? ሁለቱንም ለወራት ሰርቼባቸው ያየሁት

ሁለቱም ነበሩኝ፣ በሚሽከረከር የፕላስቲክ ክር የሚቆርጡት ዓይነት ናቸው። ባለገመዱ 500 ዋት ነው፣ ባለፈው ሰኔ እዚሁ አዲስ አበባ ገዛሁት፣ ባለባትሪውን ደግሞ ወንድሜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ግቢያችን ከግማሽ በላይ ሳር ነው፣ አብዛኛው ሰርዶ፣ ክረምት ላይ አንድ ሳምንት ከዘለላችሁት ቁርጭምጭሚት ያልፋል።

በጉልበት ከሆነ ባለገመዱ ይበልጣል፣ ይሄ ምንም ክርክር የለውም። አጥር ስር ያለውን ወፍራም አረም ሳይንተፋተፍ ይቆርጠዋል፣ መብራት እስካለ ድረስ ደግሞ አያልቅም። ኤክስቴንሽኑን ግን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ ሰኩት፣ እኔ መጀመሪያ ቀን እንደተጠቀለለ ሰክቼው ስጨርስ ስነካው ጥቅሉ ሞቆ ነበር።

ሀሳቤን ያስቀየረኝ ነሐሴ ላይ የሆነው ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ጀመርኩ፣ የማሽኑ ገመድና ኤክስቴንሽኑ የሚገናኙበት መሰኪያ እርጥብ ሳር ውስጥ ወድቋል፣ ቀና ስል የ9 ዓመት ልጄ ሊያግዘኝ ብሎ በነጠላ ጫማ ሄዶ መሰኪያውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል። የጮህኩትን ጩኸት እስካሁን አልረሳውም። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆነም ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ሶኬቱን የነቀልኩት። በሳምንቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ አርሲዲ የሚሉትን ብሬከር አስገጠምኩ፣ ባለ 30 ሚሊአምፒር፣ ከረንት ወደ መሬት ማፍሰስ ሲጀምር ወዲያው ያጠፋል። ባለገመድ የምትገዙ ሰዎች እባካችሁ ከማሽኑ በፊት ይሄን አስገጥሙ። ባለባትሪውም ቢሆን ዝናብ እየዘነበ አይሰራበትም፣ ግን ቢያንስ ልጆች በሚሮጡበት ሳር ላይ 220 ቮልት አልዘረጋችሁም።

ወደ ባለባትሪው ስመጣ፣ ቻርጀሩ የአሜሪካ ስለሆነ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል። እኔ ሳላነብ ከሱቅ በገዛኋት ትንሽ አዳፕተር ሰካሁት፣ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ በቃ ሞተ። አዳፕተሯ የእግሩን ቅርፅ ነው የምትቀይረው እንጂ ቮልቱን አትነካም። ሌላ ቻርጀር አስልኬ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ አሁን ያለችግር ይሰራል። ከአሜሪካ የምታስመጡ ሰዎች ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለው ብቻ ነው በቀጥታ የሚሰካው።

ባትሪዋ 20 ቮልት 2 አምፒር ሰዓት (የምትይዘው መጠን ማለት ነው) ነች፣ 15 ደቂቃ ገደማ ትሰራለች፣ ወፍራም ሳር ከሆነ ከዛም ያንሳል። ለኛ ግቢ አትበቃም፣ ሁለት ጊዜ ቻርጅ አድርጌ ነው የምጨርሰው፣ ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው። በነገራችን ላይ 20 የሚሉት ሙሉ ስትሆን ያላትን ነው፣ ሌላ ቦታ 18 ቮልት ተብሎ የሚሸጠውም ያው ነው፣ ውስጡ አምስት ሴል ነው ያለው፣ በቁጥሩ እንዳትታለሉ። የሚለየው አምፒር ሰዓቱ ነው።

በተረፈ ግን እጅ ላይ ቀላል ነች፣ አትጮህም፣ መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ሰሞን ማታ ቻርጅ አድርጌ በማግስቱ እሰራለሁ፣ ለመስቀል እንግዳ ሲመጣብን ያዳነችኝ እሷ ነች። እስካሁን ባትሪዋ የደከመች አይመስለኝም፣ ግን ባዶዋን አላስቀምጣትም፣ የቆርቆሮው ስቶር ውስጥም አላስገባትም፣ ቀን ላይ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው፣ ሙቀት ደግሞ ሊትየም ባትሪ ይገድላል።

ክሩ በጋ ላይ ይደርቅና ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፣ ሁለቱም ላይ ማለቴ ነው። ማታ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳሳድረው ተሻለኝ። ከስራ በኋላ ደግሞ መከላከያው ስር የተጣበቀውን ሳር ሳይደርቅ ጥረጉት፣ ከደረቀ በቢላም አይነሳም።

ሶኬት ቅርብ የሆነባት ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ባለገመዱን ይግዛ፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ለባትሪ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። የኔን ለእህቴ ሰጥቻታለሁ፣ የሷ ሳር በረንዳው ስር ያለችው ብቻ ስለሆነች ኤክስቴንሽንም አያስፈልጋትም። እኔ በባትሪው ቀጥያለሁ፣ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ ባለ 4 አምፒር ሰዓቱን እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፣ 20 ቮልት በ4 ሲባዛ 80 ዋት ሰዓት ስለሆነ አውሮፕላን ላይ ከሚፈቀደው ከ100 በታች ነው፣ በእጅ ሻንጣ ይዞት መግባት ይችላል፣ በሚጫነው ሻንጣ ግን ትርፍ ሊትየም ባትሪ አይፈቀድም።