ባለሁለት ፊት የቢላ መሳያ ድንጋይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ድንጋዩን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፣ የጅማ ዝናብም ከቤት አላስወጣ ብሎኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

አንዱ ፊቱ ቁጥር 1000 ነው፣ ሌላው 6000፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይልማል። አብረውት የጎማ ማስቀመጫና ቢላው ጀርባ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ ማዕዘን መጠበቂያ መጡ። ፕላስቲኩን እርሱት። ድንጋዩን ይፍቃል፣ በሁለተኛው ሳምንት ጣልኩት።

ችግሬ እጄን በአንድ ማዕዘን ማቆየት ነበር፤ ለማእድ ቤት ቢላ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል፣ ግን ማን በዓይኑ ይለካል? መፍትሔውን ያገኘሁት ከስኪ፣ ከበረዶ ላይ መንሸራተቻው ነው። ጅማ ላይ ስኪ ምን ሊሠራልህ እንዳትሉኝ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ ስለተወዳደረው ስለ ሮቤል ተክለማርያም ሳይ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስኪ ሲሞርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ወደቅሁ። የቁልቁለት ስኪ ጠርዙ ብረት ነው። ሰውየው ብረቱን በማርከር ቀለም ይቀባውና ሞረዱን አንዴ ያስኬድበታል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ማዕዘኑ ልክ ነው፣ አንድ ጎን ብቻ ከለቀቀ እጅህ ዘሟል ማለት ነው። ቢላዬን እንደዚያው ቀባሁት። ለካ አንድ ወር ሙሉ ጫፉን ሳልነካ ከስለቱ በላይ ያለውን ስፈትግ ነበር!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ድንጋዩን አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። አንዱን የቢላ ጎን እስላለሁ፣ በሌላው ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን ብረት ሲወጣ እገለብጠዋለሁ። የፋሲካ በግ ያረደልን ልጅ ገፎ እስኪጨርስ አንዴም «ቢላ ሳሉልኝ» አላለም።

እዚሁ ጅማ ዞን ማና ወረዳ ያለው አጎቴም የቡና መግረዣ መቀሱን ላከልኝ። የዶለደመ መቀስ ቅርንጫፉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። መጀመሪያ የደረቀውን የዛፍ ፈሳሽ በሳሙና አጠብኩ፤ ከዚያ ሰያፍ የሆነውን ፊት ብቻ ሳልኩ። ጠፍጣፋው ፊት አይሳልም፣ ከተሳለ ሁለቱ ምላጮች መሃል ክፍተት ይፈጠራል። ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ በዚህ እርጥበት ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

የማልወድለት ነገር አለ። ድንጋዩ ቶሎ ይበላል። መጋቢት ላይ መሃሉ ጎድጉዶ ቢላው መንሸራተት ጀመረ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስመር አስምሬ፣ መስመሮቹ እስኪጠፉ ፈተግሁት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ወጥ ቤቱም ጭቃ ሆነ። የጎማ ማስቀመጫው ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል፣ እርጥብ ጨርቅ ይሻላል። 6000 የሚለውን ፊት ደግሞ ሦስቴ ብነካው ነው፤ ቢላውን ያብለጨልጨዋል፣ ለሽንኩርትና ለጎመን ግን ልዩነቱ አልታየኝም። ዛሬ ብገዛ 1000ውን ብቻ፣ ወፈር ያለውን ነበር የምገዛው።

እናቴ አልወደደችውም። ድሮ ቢላ ሲዶለድምባት ደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ሁለቴ ፈተግ አድርጋው ትቀጥል ነበር። መጀመሪያ በሳልኩላት ቀን ጣቷን ቆረጠች። አሁን አንድ ዶልዷማ ቢላ ደብቃብኛለች፣ የት እንዳለ እስካሁን አላገኘሁትም።