ደረጃ ሥር ተቀምጦ ከሁለት ወር ጣጣ ላወጣን ልጅ

ሐዋሳ ውስጥ ፔንሲዮን፣ ካፌ ወይ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አንድ ልጅ ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን አለችን። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ኔትወርክ ይጠፋብን ነበር። ዋይፋይ ብቻ አይደለም። የካሸሯ ኮምፒውተር፣ ካሜራው፣ ሁሉም አንድ ላይ ድርግም ይላል። አራት አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይመለስና እንደገና ይጠፋል። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ሲሉን እንዴት እንደምንናደድ ታውቃላችሁ። ሊከፍል ለቆመ እንግዳ እሷኑ ቃል እኔው ስናገር ከረምኩ።

መጀመሪያ በመብራት አሳበብን። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ገዛን፣ ለውጥ የለም። ኢንተርኔት የሚያቀርቡልን ሰዎች መስመሩ ደህና ነው አሉ። አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ በቅጡ ሳያይ «ስዊቹ አርጅቷል፣ ቀይሩት» ብሎ የአዲሱን ዋጋ ጽፎ ሰጠኝ። ስዊች የሚሉት ኮምፒውተሩን፣ ካሜራውንና ዋይፋዩን በገመድ የሚያገናኘውን ዕቃ ነው። ዋጋውን አየሁና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ጎረቤቴ ይሄን ልጅ ጠቆመኝ። ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ 5 ተኩል ላይ ከባጃጅ ወረደ። ይሄ ጠባይ አለው፣ አልደብቅም። የቢራ ሳጥን ገልብጦ ደረጃው ሥር ተቀመጠ። ሰማያዊ ገመድ ከላፕቶፑ ወደ ስዊቿ ሰካና ዝም ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቆይቶ «ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር?» አለኝ። አልጠፋም አልኩት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ይቺ ስዊች ከተነሳች ገና 13 ሰዓቷ ነው። ራሷ ወድቃ ራሷ ነው የምትነሳው።»

ሶፍትዌሯ ከተገዛች ጀምሮ ታድሶ አያውቅም። የአምራቹን የደህንነት ማስጠንቀቂያ በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ፤ የኛው ሞዴል ተጽፏል። በማስተዳደሪያ ገጿ በኩል የተዛባ መልእክት ከደረሳት፣ ላኪው የይለፍ ቃል ባይኖረውም ትወድቃለች። «በር ላይ ዘበኛ አለ እንበል» አለኝ። «አንዱ መጥቶ የማይነበብ ወረቀት ይሰጠዋል። ሊያነብ ሲታገል ራሱን ይስታል። ሌባ አልገባም፣ ዕቃ አልጠፋም። ግን እስኪነቃ ድረስ የሚገባም የሚወጣም የለም።»

ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ሆኖ ተገኘ? ሁለት ወር አልጋ ይዞ የተቀመጠ ደንበኛችን! ላፕቶፑን ቫይረስ ይዞታል፤ ቫይረሱ ኔትወርኩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያንኳኳል። ሰውየው ማታ ከሥራ ገብቶ ላፕቶፑን ሲከፍት እኛ እንወድቃለን። ምስኪን፣ ሲነገረው ከኔ በላይ ደነገጠ።

በትልልቆቹም ይደርሳል አለኝ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ፣ አዲስ ስዊች ከርቀት በሚያዘጋጀው ስማርት ኢንስቶል በሚባለው አገልግሎቱ ላይ ክፍተት ተገኝቶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አገልግሎቱ መልእክት በሚቀበልበት በር (ፖርት 4786) የሚላክ የተበላሸ መልእክት ስዊቹን ይጥለዋል፤ ከባሰም ለላኪው አሳልፎ ይሰጠዋል። 10 ቀን ሳይሞላ በዚያው ስማርት ኢንስቶል በኩል ጥቃት ደረሰ፤ ኢራን ውስጥ ብቻ 3,500 ገደማ ስዊቾች እንደተመቱ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ተናገሩ። የኛዋ ሌላ ብራንድ ናት፣ ነገሩ ግን የአንድ ቤት ልጅ ነው።

መጀመሪያ ሴቲንጉን በሙሉ ገልብጦ አስቀመጠ። ይሄን ሲያደርግ ነው ያመንኩት፤ የፊተኞቹ እንዲህ አያውቁም። ከዚያ አዲሱን ሶፍትዌር ከአምራቹ ገጽ አውርዶ ጫነ። የእንግዶቹን ዋይፋይ ከካሸርና ከካሜራ ለየው። የማስተዳደሪያ ገጹ ከቢሮ ኮምፒውተር ብቻ እንዲከፈት አደረገ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሲቀይር እኔን እያየ ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ወደ ጣሪያው አየሁ። የጠየቀኝ ገንዘብ የአዲሱን ስዊች ሩብ አይሞላም።

ስዊቿ ሳትወድቅ ዛሬ ጠዋት 41 ቀን ሞላት። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። 3 ሰዓት ካላችሁ ግን 1 ሰዓት ብላችሁ ቅጠሩት።