አሮጌ ሃይሉክስ ወይስ ዘመናዊ ኤስዩቪ? ብሩ የቱ ላይ ይዋል

ሰው በደወለልኝ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው፣ «ይሄን ያህል ብር አለኝ፣ የድሮ ሃይሉክስ ልግዛ ወይስ በዛው ብር ሞዴሏ ከፍ ያለ ኤስዩቪ?» አንዴ ልጻፈውና ለሁሉም ይድረስ ብዬ ነው። አቋሜን ከጅምሩ ልናገር፣ ስራችሁ ከአስፋልት የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ እህል የምትጭኑ፣ ከብት የምታደልቡ፣ ሳይት የምትመላለሱ ከሆነ አሮጌዋን ግዙ። አሮጌ ስል ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል ወይም ፋይቭ ኤል የሚባሉት የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ያሏቸውን ነው፣ አቅም ላለው ደግሞ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ያለው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር።

ከዋጋ እንነሳ። ብዙ ሰው ሠላሳ ዓመት የሞላት ፒክአፕ ይሄን ያህል ትጠራለች እንዴ ብሎ ይደነግጣል፣ እውነቱን ነው፣ ርካሽ አይደለችም። ግን ምክንያት አለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይሞከር አድርጎታል፣ በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ የዛኑ ዓመት ሐምሌ ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አለች፣ የሌለችው አትመጣም፣ ባለቤቱም ይሄን ያውቃል። የኤስዩቪዋ ደላላ ደግሞ «በዚህ ዋጋ እኮ የድሮ ሃይሉክስ እንኳን አታገኝም» ይላችኋል፣ ሰውም እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው። የመግዣው ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው ወገን፣ መቁጠር ያለባችሁ ከገዛችሁ በኋላ በየጋራዡ የምታወጡትን ነው።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ናፍጣ የሚያስገባው ክፍል ላይ ነው። የስሪ ኤልን ኮፈን ክፈቱና እዩት፣ ከናፍጣ ፊልትሩ በላይ በእጅ የምትጫን ትንሽ ፓምፕ አለች፣ ከስር ውሃ የሚወጣበት ቡሽ አለ። ገጠር ላይ ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ሞልታችሁ መኪናው መንተፋተፍ ከጀመረ ቡሹን ትፈታላችሁ፣ ውሃው ይወጣል፣ በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አየሩን ታስወጣላችሁ፣ ትነሳለች። ባትሪ ከሞተ ተገፍታ ትነሳለች። ኖዝሏ፣ ማለትም ናፍጣ የሚረጨው ክፍል፣ ቢበላሽ ፖምፓና ኖዝል የሚሰራ ቤት ወስዳችሁ ተፈትሾ ጫፉ ይቀየራል፣ አለቀ። ዘመናዊው ኮመን ሬል የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የናፍጣ አረጫጨት ግን ናፍጣውን ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፣ ኢንጀክተሩ (የሱ ኖዝል በሉት) ውስጥ ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ እና ያቺ የጀሪካን ውሃና ቆሻሻ ስትገባበት በቃ ይበላዋል። አዲስ ኢንጀክተር ስትገዙም ገጥሞ መሄድ የለም፣ በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው ኮድ በኮምፒውተር ለሞተሩ መነገር አለበት። እኔ እስካየሁት ድረስ የአንድ ኦሪጅናል ኢንጀክተር ዋጋ የአሮጌዋን አራቱንም ኖዝል አሳድሶ ይተርፈዋል፣ ሜካኒኩም «አንዱ ብቻ ከሚቀየር አራቱም አብረው ይቀየሩ» ማለቱ አይቀርም።

የአጎቴ ልጅ የገዛትን ዘመናዊ ኤስዩቪ ልንገራችሁ፣ ብራንዷን አልጠራም። ከባሌ ሮቤ ወዲያ ኮረኮንች ላይ ቼክ ኢንጅን በራ፣ ከዛ መኪናዋ ራሷን ለመጠበቅ ጉልበቷን ቀነሰችና ዳገት እምቢ አለች። አካባቢው ላይ ጎበዝ ሜካኒክ አልጠፋም፣ የጠፋው የብልሽቱን ኮድ ከመኪናዋ ኮምፒውተር የሚያነብ ማሽን ነው። ተጭና አዲስ አበባ መጣች፣ ጋራዡ በግምት አንዱን ሴንሰር ቀየረ፣ አልሆነም፣ ሌላ ቀየረ፣ አልሆነም፣ በመጨረሻ ችግሩ የተበላ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። የሽቦው ዋጋ ምንም ነው፣ ለመጫኛው፣ ለማይመለሱት ሴንሰሮችና መኪናዋ ለቆመችበት ጊዜ የወጣው ብር ግን ለአሮጌዋ አንድ ሙሉ ሞተር ማደሻ ይሆን ነበር።

ይሄ የኛ መንገድና የኛ ናፍጣ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ በአዲሱ የሃይሉክስ፣ የፕራዶና የፎርቹነር ናፍጣ ሞተር ላይ የጭስ ማጣሪያው እየተደፈነ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ከ260 ሺህ በላይ መኪኖችን የሚመለከት ክስ እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈርዶለታል። ስሙ ያው ሃይሉክስ ነው፣ ግን ስሙን ያስጠሩት እነዛ አሮጌዎቹ ሞተሮች ናቸው። ኤንትሬ ፊያት ዛሬም ጭነት ይዛ ስትሄድ የምናያት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሁሉ ነገሯ በቁልፍ ይፈታል፣ በቁልፍ ይታሰራል።

አሁን የአሮጌዋን ጣጣ ልናገር፣ እሱም ፎርጅድ ዕቃ ነው። ሶማሌ ተራ ስትገቡ መለዋወጫዋ ሞልቷል፣ ግን ገበያ ስላላት እንደሷ ዕቃው የተቀዳበት መኪና ያለ አይመስለኝም። ካርቶኑ ላይ ጃፓን ይላል፣ ሆሎግራሙ ያበራል፣ ውስጡ ሌላ ነው። ፊልትር ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት፣ ቀለል ካለና የወረቀቱ እጥፋት ከሳሳ መልሱት። ታይሚንግ ቤልት ላይ (ቫልቭና ፒስተኑን በጊዜያቸው የሚያስኬደው ቀበቶ) ደግሞ በጭራሽ ብር እንዳትቆጥቡ፣ በነዚህ ሞተሮች ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ከዛ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ማውረድ ነው። በቤልቱ ያተረፋችሁት ብር ከቴስታታው ስር ለሚገባው ማሸጊያ፣ ለጓርኒሲዮኑ፣ እንኳን አይበቃም። ቤልቱን ስትቀይሩ የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብራችሁ ቀይሩ፣ አዲስ ቤልት በአሮጌ ኩሽኔታ ሲያልቅ ብዙ አይቻለሁ። ለሌላው ዕቃ ከአዲስ ፎርጅድ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል።

ከተማ ውስጥ ብቻ ልጆች ትምህርት ቤት ለምታመላልሱ ግን ዘመናዊዋን ግዙ፣ ኤርባግና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ነፍስ ያድናል፣ በነዛ አሮጌ ፒክአፖች ብዙዎቹ ላይ ሁለቱም የሉም። ረጅም መንገድ ላይም አሮጌዋ ወገብ ትሰብራለች።

አሮጌዋን ለመግዛት የቆረጠ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሂድ። እንደደረሳችሁ ኮፈኑን ዳስሱ፣ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሷት፣ ውሃው አረፋ እየሰራ ከገፋ ቴስታታው ተሰንጥቋል ወይ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ እነዚህ ሞተሮች ሙቀት ሲበዛባቸው ቴስታታቸው ይሰነጠቃል። የዘይት መሙያውን ክዳን አንሱ፣ ጭስ እየተገፋ ከወጣ ሞተሩ ማደሻ ይፈልጋል፣ ያንን ሂሳብ ከዋጋው ቀንሱ። ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ስር ገብታችሁ ሻንሲውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉ፣ በቀለም የተሸፈነ ዝገት በድምፁ ይታወቃል። ብዙዎቹ ሞተር የተቀየረላቸው ስለሆኑ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ፣ ባለቤቱ ራሱ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ እስኪያስተካክል ድረስ ቀብድም ቢሆን እንዳትሰጡ።