በአዲስ አበባ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ህትመት፦ የተጠቀምኩባቸው ሁለት ፎቶ ቤቶች

የቤተሰቤን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አሜሪካ ውስጥ ስካን አድርጌና በላፕቶፔ ላይ አስተካክዬ፣ ለዘመድ የሚታደሉትን ቅጂዎች አገር ቤት ለማሳተም ይዤ ሄድኩ።

ፒያሳ አካባቢ ያለው የመጀመሪያው ፎቶ ቤት ፈጣንና ትሁት ነው። ሆኖም ህትመቱ የሚወጣው በኬሚካል በሚታጠብ የባለቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ግራጫ የሚገኘው ሲያን (ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ሮዝ) እና ቢጫ ማቅለሚያዎች በትክክል ሲመጣጠኑ በመሆኑ፣ ሚዛኑ ጥቂት ሲዛባ የሴት አያቴ ነጭ ነጠላ አረንጓዴ መስሎ ወጣ። እንዲታረም ስጠይቅ «እኛ ስክሪን ላይ ደህና ነው» ተባልኩ። የምከፍለው ለወረቀቱ ስለሆነ ይህን መልስ አልቀበለውም።

ቦሌ ያለው አነስተኛ የህትመት ስቱዲዮ ግን ከልብ የሚመሰገን ነው። ማተሚያው ከጥቁሩ ሌላ የግራጫ ቀለሞችም ስላሉት ግራጫው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው የሞኒተራቸውን ብርሃን በመለኪያ መሣሪያ በካሬ ሜትር ወደ 100 ካንዴላ ዝቅ አድርገውታል። ምክንያቱንም ሲያስረዱኝ፣ ስክሪን ራሱ ብርሃን ሲያመነጭ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብቻ ይመልሳል፤ የብዙ ሞኒተሮች የጥቁርና ነጭ ልዩነት 1000 ለ1 ሲሆን፣ የማያንጸባርቅ ወረቀት ግን 100 ለ1 እንኳ አይደርስም አሉኝ። ላፕቶፔ ላይ ጎልተው የሚታዩት የወንድ አያቴ ጥቁር ካባ እጥፋቶች ወረቀት ላይ ወደ አንድ ጥቁር የሚዋሃዱት ለዚህ ነው።

ሙሉውን ከማተማቸው በፊት ከነጭ እስከ ጥቁር 21 ደረጃ ያለው ናሙና አትመው፣ የትኞቹ ደረጃዎች እንደተዋሃዱ በመስኮት ብርሃን አብረን አየን፤ ከዚያም የፋይሉን ጨለማ ክፍሎች ብቻ ከፍ አደረጉ። ህትመት በአምፖልና በቀን ብርሃን ሥር የተለያየ መስሎ ስለሚታይ፣ በመስኮት ብርሃን ማየታቸው በተለይ አስደስቶኛል። አንጸባራቂ ወረቀት የበለጠ ጥልቅ ጥቁር እንደሚሰጥም ነግረውኛል፤ እኔ ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ መብራት እንዳይመልስ የማያንጸባርቀውን መረጥኩ።

ዋጋው ከፒያሳው ይበልጣል፣ ሥራውም በዕለቱ አያልቅም። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ በመስታወት ፍሬም ውስጥ መግባት ስለሌለበት፣ ፎቶዎቹን ይዞ የሚመለስ መንገደኛ ትእዛዙን በቆይታው መጀመሪያ ላይ ቢሰጥ ይመረጣል።