ሰብልን ከአውሬ ለመጠበቅ፦ ጠመንጃ ወይስ ማማ?

በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ፣ ገብስ ሲያሸት ይህ ጥያቄ ይነሳል።

ጠመንጃ፦ ውድ ነው፤ በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድም ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፦ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። የማሳው ባለቤት «ግባና ተኩስ» ቢልም አይበቃም፤ አደን የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል። በስሜን ተራሮች ፓርክ ጥግ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ አሉ፤ ከአገራችን ውጭ በዱር አይገኙም።

ማማ፦ እንጨት፣ ሣር፣ ወንጭፍና ጅራፍ ይበቃዋል። ጅራፉ ሲጮህ የጭላዳው መንጋ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። አድካሚ ነው፤ ልጆችን ከትምህርት ሲያስቀር ያንገበግበኛል። ጎረቤት ተራ ከገባ ግን ይቀላል።

ማሳው ፓርኩን ከተዋሰነ ምርጫዬ ማማ ነው። ከርከሮ ሰው እስከ መተናኮል ከደረሰ መጀመሪያ ለቀበሌና ለወረዳ ማመልከት ይገባል፤ ጠመንጃ የሚነሳው ከፈቃዱ በኋላ ነው።