ሚኒላብ፦ ከላቦራቶሪ ርቆ መድኃኒትን ለመመርመር

ግሎባል ፋርማ ኸልዝ ፈንድ የተባለው የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት ያዘጋጀው ሚኒላብ፣ የተሟላ ላቦራቶሪ በሌለበት ሥፍራ ሐሰተኛና ከደረጃ በታች የሆኑ መድኃኒቶችን ለማጣራት የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ የመመርመሪያ ዕቃ ነው። ምርመራው ማሸጊያውንና ክኒኑን በዓይን በመፈተሽ፣ ቀጥሎም ክኒኑ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ በ30 ደቂቃ መፈራረሱን በማየት ይጀምራል፤ የዕቃው እውነተኛ ጥቅም ግን ያለው በስስ ንብር ክሮማቶግራፊው፣ ማለትም የመድኃኒቱን ንጥረ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ነጣጥሎ በሚያሳየው ዘዴ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላልና በሚገባ የታሰበበት ነው። 5 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ፣ ሲሊካ ጄል በተቀባ የአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ ከተመርማሪው ክኒን የተዘጋጀው ፈሳሽ ይዘቱ አስቀድሞ ከታወቀ መመሳከሪያ መድኃኒት ጎን ለጎን ይነጠባል፤ መመሳከሪያውም 100 በመቶና 80 በመቶ በሆነ ጥንካሬ ስለሚቀርብ፣ መርማሪው የነጥቡን ከፍታ ብቻ ሳይሆን መጠኑንና ድምቀቱንም ያነጻጽራል። አሟሚው፣ ማለትም ንጥረ ነገሮቹን የሚያሟማው ፈሳሽ፣ ሰሌዳውን እያረጠበ ሲወጣ፣ ከሲሊካው ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ንጥረ ነገር ወደኋላ ይቀራል፤ ከአሟሚው ጋር የሚስማማው ደግሞ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ሰሌዳው በ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አረንጓዴ ያበራል፤ ብርሃኑን የሚውጡ ንጥረ ነገሮችም በላዩ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያሉ።

ለአገራችን አንባቢ ትልቁን ቁም ነገር የሚያሳየው የወባ መድኃኒቱ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ነው፤ ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ምርጫ ሕክምና ያደረገችው ይህንኑ ነው። አንዱ ክኒን በተለምዶ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን ይይዛል። ሉሜፋንትሪን በመብራቱ ሥር ጎልቶ ሲታይ፣ አርቴሜተር ግን የ254 ናኖሜትሩን ብርሃን ስለማይውጥ አይታይም፤ እርሱን ለማየት ሰሌዳውን ሰልፈሪክ አሲድን በመሰለ ቀለም አውጪ አክሞ ማሞቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመብራቱ ብቻ ረክቶ የሚያቆም መርማሪ፣ አርቴሜተር ጨርሶ የሌለበትን ክኒን ትክክለኛ ነው ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ደረጃ መዝለል ለታማሚው ሕይወት አደጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዕቃው ድክመት በመጠን ልኬት ላይ ነው። ፈዋሹ ንጥረ ነገር ጨርሶ የሌለበትን፣ በሌላ የተተካበትን ወይም እጅግ ያነሰበትን መድኃኒት በደንብ ያጋልጣል፤ ነገር ግን ብዙ ክኒኖች በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ከ90 እስከ 110 በመቶ እንዲይዙ በሚጠበቅበት ሁኔታ፣ 85 በመቶ የያዘውን ከትክክለኛው ለመለየት ዓይን አይበቃም፤ ለዚያ ከፍተኛ ብቃት ያለው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የተባለው፣ መጠንን በትክክል የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። ነጥቡ የሚደርስበት ከፍታም በሙቀትና በመያዣው ውስጥ ባለው የአሟሚ ተን መጠን ስለሚለዋወጥ፣ መመሳከሪያው ሁልጊዜ ከናሙናው ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ መውጣት አለበት።

ከከተማ ርቀው ላሉ የመድኃኒት መጋዘኖችና የድንበር ኬላዎች ይህን ዕቃ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ሆኖም አሟሚዎቹ ተቀጣጣይና መርዛማ በመሆናቸው አየር በሚገባ የሚዘዋወርበት ክፍልና የሠለጠነ ባለሙያ ከግዢው በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል።